ፖላንድ ከማዘጋጃ ቤት በታች

ሰመረ ከፖላንድ ከተመለሰ መንፈቅ ሆኖታል፤ ትልቁ ሻንጣው ግን ገና አልተመለሰም። አክስቱ ቤት መተላለፊያው ላይ እንደተቆለፈ ቆሟል። እትዬ የሺዓለም መጀመሪያ ሰሞን "ፍታው እስቲ፣ ልብስህ አየር ያግኝ" ይሉት ነበር። ኋላ ሰለቻቸውና ዳንቴል አልብሰው ሬዲዮናቸውን አስቀመጡበት።

ሰመረ ክራኮቭ በምትባል የፖላንድ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። የተማረው የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ነው፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ የለቀቀ ቀለም ከየት ተፈልጎ እንደሚገኝ። ይህን ሙያ ይዞ ፒያሳ ሲደርስ ፒያሳ እኩሏ ፈርሳ ጠበቀችው። ዶሮ ማነቂያ ያደገበት ቤት የለም። እትዬ የሺዓለም ከጊዮርጊስ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ገብተዋል። ሙያውን የሚፈልግ ሰው ሲያጣ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ ይዞ መቀመጥና መጠራጠር ሥራው ሆነ። መምጣቱን ይጠራጠራል። የመሄዱን ነገር ይጠራጠራል። ማኪያቶው ላይ የተንሳፈፈው ነጭ ነገር ወተት መሆኑንም ይጠራጠራል። ክራኮቭ ያለ ጓደኛው "ሰኔ ሳይጋመስ ድረስ፤ የምንጠግነው ቤተ ክርስቲያን አግኝቻለሁ፣ ማደሪያም አለኝ" ብሎታል። የጎደለው ቪዛ ብቻ ነው።

ቪዛው ደግሞ ባልታሰበ በኩል፣ በእትዬ የሺዓለም በኩል መጣ።

እትዬ የሺዓለም በየወሩ በሃያ አንድ በእመቤታችን ስም የሚሰበሰብ የጽዋ ማኅበር አላቸው። ማኅበርተኞቹ የድሮ ፒያሳ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የገቡት እንኳ ሃያ አንድ ሲደርስ ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ። ግሸን ሄደዋል፣ ኢየሩሳሌምም ሄደዋል። ዘንድሮ ፖላንድ እንሂድ አሉ።

"ፖላንድ ደግሞ ምን አለ?" አለ ሰመረ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዳልኖረበት።

እትዬ የሺዓለም ከመዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ አንድ ፖስትካርድ አወጡ። ፊቷ የጠቆረ፣ ልጇን የታቀፈች ማርያም ናት። ሰመረ ካርዱን ሳያገላብጠው አወቀው። በሁለተኛው ክረምቱ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ፣ ከባቡር ጣቢያ ኪዮስክ ገዝቶ የላከው ነው። "አይስጉ፣ እዚህም እኛን የምትመስል ማርያም አለች" ይላል ጀርባው። ሥዕሏ የምትገኝበትን፣ ቸንስቶሆቫ በሚባል ከተማ ያለውን ገዳም በባቡር መስኮት ብዙ ጊዜ አይቶታል። አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

"ስልክ ያለው ሰው ካርድ ሲልክ አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው" አሉ እትዬ የሺዓለም። "ያን ጊዜ ተሳልኩ። 'የሰፈሬን ማርያም እንዳልለምን ሩቅ ናት፤ አንቺ ቅርቡ ነሽ። ልጄን በደህና ወደ ቤቱ መልሺልኝ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው ዣንጥላ ይዤ ደጅሽ ድረስ እመጣለሁ' አልኳት። ይኸው መለሰችህ። አሁን ተራው የኔ ነው።"

የሰመረ ዓይን ወደ መተላለፊያው ሄደ። ሻንጣው ዳንቴሉን ለብሶ፣ ሬዲዮውን ተሸክሞ ቆሟል። "ተመለሰ" የተባለለት ሰው ቡድኑን እየመራ ሄዶ እዚያው ቢቀርስ? ሐሳቡ የመጣው በዚያች ቅጽበት ነው። አሳፈረው። ግን አልሄደለትም።

በማኅበሩ ውስጥ ክርክር አልጠፋም። "የካቶሊክ ገዳም ነው አሉ፤ እንዴት ይሆናል?" ያለም ነበር። ነገሩን የፈቱት ወይዘሮ ትብለጽ ናቸው። ወይዘሮ ትብለጽ አክሱም ተወልደው ፒያሳ ያረጁ፣ የበርበሬና የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ ሁሉን ነገር ጮክ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ፖስትካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ይቺን ማን ሳላት ይላሉ?"

"ሉቃስ ነው ይላሉ" አለ ሰመረ።

"እኛስ ማን ነው የምንለው? ሉቃስ አይደል? ጉንጯ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ጠባሳ ነው። ወንበዴዎች በሰይፍ መትተዋት ነው ይባላል።"

"እዋእ! ምን ሰይፍ ነው!" ወይዘሮ ትብለጽ ከዓይናቸው ጎን ያለውን የልጅነት ብጣት በጣታቸው ነኩ። "ይቺ በልጅነቷ ዓይኗን ታማ ተበጥታ ነው። አገሯ እኔ ዘንድ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ። ዘመድ ጥየቃ ነው የምንሄደው።"

ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

ጉዞውን የሚያዘጋጀው ዓብይ ነው። ዓብይ የሰመረ አብሮ አደግ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ከአንድ ፎቅ ጥግ ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ አለው። ግድግዳው ላይ "ታሪክ፣ ባህልና መልክዓ ምድር፦ በአስጎብኚ የታጀበ የፖላንድ ጉብኝት" የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። የበረዶ ተራራው ሥዕል ከስዊዘርላንድ የተወሰደ መሆኑን ሰመረ ሲነግረው "ተራራ ተራራ ነው፣ አታካብድ" አለው።

"ስማ ጀለሴ" አለ ዓብይ። "ኤምባሲ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ምን ልታዩ ነው የምትሄዱት? ትመለሳላችሁ ወይ? ሁለተኛውን ለእናቶቹ ተውላቸው። የመጀመሪያውን አንተ አስጠናቸው፣ አብረህ በአስጎብኚነት ትገባለህ። ቀላል ነው።"

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ትምህርት እትዬ የሺዓለም ቤት ተሰጠ። ሰመረ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዋርሶን አደባባይ፣ የክራኮቭን ቤተ መንግሥት፣ የጨው ማዕድኑን አሳየ። ማኅበርተኞቹ በጨዋነት አዩ፣ "ደስ ይላል" አሉ፣ ወዲያው ረሱት።

"ቤተ መንግሥቱ የት ነው ያለው ብዬ ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ትብለጽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ነው አላልኩም?"

አቶ ገብረትንሣኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። "ልጄ፣ አትቀየመንና፣ ፒያሳ ውስጥ ምሥራቅ የሚባል ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ከማን ወርቅ ቤት ዝቅ ብሎ እንደሆነ፣ ከምን ፊት ለፊት እንደሆነ ንገረን። ያኔ አይጠፋንም።"

"ፖላንድ ውስጥ የሚያውቁት ወርቅ ቤት የለማ፣ አቶ ገብረትንሣኤ!"

"እንግዲያው እኛ የምናውቀው ጋ አምጣዋ" አሉ ወይዘሮ ትብለጽ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አምጣ እንደማለት።

ሰመረ ፖላንድን ወደ ፒያሳ ያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተሰበሰቡ። ዓብይ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ቀይና ነጭ ባንዲራ በመወልወያ እንጨት ላይ አስሮ ሰመረን አስያዘው። "አስጎብኚ ያለ ባንዲራ አይሆንም። ሙድ ያስይዝብሃል፣ ግን ቻለው" አለ። እውነትም መንገደኛው ሁሉ ሙድ ያዘበት። አንዱ የታክሲ ረዳት "እማማ፣ የየትኛው ክለብ ደጋፊ ናችሁ?" ብሎ ሲጮህ፣ ወይዘሮ ትብለጽ "የማርያም!" ብለው መለሱለት።

መጀመሪያ የደረሱት ዶሮ ማነቂያ ነው። ቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የተደለደለ ሜዳ።

"ይኼ ዋርሶ ነው" አለ ሰመረ። "ዋና ከተማው። በጦርነቱ ጊዜ ወራሪው አሮጌውን ከተማ ከሥሩ አወደመው። ሰዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ተመለሱና የድሮ ሥዕልና ፎቶግራፍ እያዩ፣ መስኮቱን በመስኮቱ ቦታ፣ በሩን በበሩ ቦታ፣ እንደነበረ አድርገው ሠሩት። ዛሬ አሮጌው ከተማ ብለው የሚያስጎበኙን ያንን ነው።"

እትዬ የሺዓለም በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀው "ሳሎናችን እዚያ ጋ ነበር፣ ያቺ ድንጋይ ያለችበት" አሉ፣ ለራሳቸው።

"ፎቶግራፉን ማን አስቀምጦላቸው ቆየ?" ብለው ጠየቁ አቶ ገብረትንሣኤ።

"ሰዉ ነው። በየቤቱ።"

"እኔ የሠርጌ ፎቶ አለኝ" አሉ ወይዘሮ ትብለጽ። "ከጀርባዬ የየሺዓለም በር ይታያል።"

"ክፍት ነው ዝግ?" አሉ እትዬ የሺዓለም ዞር ብለው።

"ክፍት ነው። አንቺ በበሩ አንገትሽን አስግገሽ ቀሚሴን ታያለሽ። ዓይንሽ ፈጦ!"

"ቀሚሱ አጭር ስለነበረ ነዋ!"

ሳቁ ከዋርሶ አውጥቶ ታክሲ ተራው ድረስ ወሰዳቸው።

ታክሲ ተራው የክራኮቭ አደባባይ ሆነ። ሰመረ ወደ አንድ ፎቅ ጣቱን ቀስሮ፣ "እዚያ ማማ ላይ በየሰዓቱ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አለ። ዜማውን ግን መሐል ላይ ያቋርጠዋል። በጥንት ጊዜ ጠላት መጣ ብሎ ሲነፋ አንገቱን በፍላጻ መቱት ይባላል። እስከ ዛሬ ያን ሰው ለማሰብ እዚያው ላይ ያቆማሉ" አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከጎናቸው የቆመው ረዳት "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አራት ኪ—" ብሎ ቀጥ አለ፤ ትራፊክ ፖሊስ ከማዶ ብቅ ብሎ ነበር። ማኅበርተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጥሩምባ ነፊውን ከዚያ ወዲያ የረሳ የለም።

ጊዮርጊስ ቫቬል ሆነ፤ ነገሥታቱ የተቀበሩበት ኮረብታ። ቦታውን የመረጡት ወይዘሮ ትብለጽ ናቸው፤ ሰመረ ኮረብታው ሥር ዘንዶ አለ ሲል "ዘንዶማ ካለ ጊዮርጊስ ነው፣ ምን ሌላ ያስፈልገዋል" አሉ። ዘንዶውን የገደለው ግን በግ ውስጥ ዲን ሞልቶ ያጎረሰው ጫማ ሰፊ ነው ቢላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ጫማ ሰፊ?"

"አዎ። አፈ ታሪክ ነው።"

"ጊዮርጊስ ደጅ ቆመህ?" አሉ እትዬ የሺዓለም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቀስ በል፣ ይሰማሃል።"

ወንዙ፣ ቪስዋ የሚሉት፣ ቸርችል ጎዳና ሆኖ ወደ ታች ፈሰሰ። ሰመረ "ልክ አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤቱን ገዳሙ ካልነው ወንዙ በቸንስቶሆቫ አያልፍም" ብሎ ሊያርም ሲሞክር ዓብይ "ለኤምባሲ ነው እንጂ ለመርከብ አይደለም" ብሎ ዝም አሰኘው። የጨው ማዕድኑ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ያለ ምግብ ቤት ሆነ። ከጨው የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከምድር በታች አለ ሲላቸው፣ ከድንጋይ የተፈለፈለ ለምደዋልና አልደነቃቸውም። ወይዘሮ ትብለጽ ብቻ "አሞሌ ነው?" ብለው ጠየቁ። ፒሮጊ የሚባለውን ምግብ "ተቀቅሎ የሚበላ ሳምቡሳ በሉት" አላቸው። "ይጦማል?" አሉ። "ድንቹ ይጦማል።" ተስማሙ።

መጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ደረሱ። ከፍታ ላይ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ረጅም ማማ አለው። ሰመረ ገዳሙ ይኼ ነው አለ።

እትዬ የሺዓለም ጫማቸውን አወለቁ።

የጥበቃው ሠራተኛ መጣ። "እናቶች፣ ምን ነበር? እሑድ ዝግ ነው።"

"ማርያምን ልንሳለም ነው" አሉ እትዬ የሺዓለም።

ጥበቃው ወደ ሕንፃው ዞሮ አየ፤ ከሥራው የጎደለ ነገር ያለ መስሎት። "እዚህ?"

"ለጊዜው እዚህ ናት። ደግሞ አትጩህ፣ ልጄ።" ከዚያ ወደ ሰመረ ዞሩ። "ከገባሁ በኋላ ሥዕሏ በየት በኩል ናት? በቀኝ ነው በግራ? ሰው ይበዛል? ዣንጥላውን ለማን ነው የምሰጠው?"

ሰመረ አፉን ከፈተ። የባቡር መስኮቱ፣ የራቀው ማማ፣ ያልወረደባቸው ዓመታት ታዩት። "አላውቅም" አለ። "ገብቼ አላውቅም።"

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"ሁልጊዜ እያለፍኩ ነበር።"

እትዬ የሺዓለም አልተቆጡም። ጫማቸውን እያጠለቁ "ይሁን፣ አብረን እንገባለን" አሉ። ሰመረ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በቃለ መጠይቁ ቀን ዓብይ "ሳቅ የለም፣ ጸሎት ጮክ ብሎ የለም" ብሎ አስጠንቅቆ ላካቸው። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሮዝ ፊት ያለው ፖላንዳዊ ሹም ተቀምጧል፤ ከጎኑ ኤደን የምትባል አስተርጓሚ። ሰመረ ተራውን እየጠበቀ ከኋላ ይሰማል።

"እማማ፣ ክራኮቭ ሄደው ምን ሊያዩ ነው?" አለች ኤደን።

"መጀመሪያ ታክሲ ተራው ላይ ጥሩምባ ነፊውን አያለሁ" አሉ እትዬ የሺዓለም። "ይነፋል ግን አይጨርስም፤ በፍላጻ መትተውታል። ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ ስታቀኚ ዘንዶው አለ። በላዩ ቤተ መንግሥት፣ በግርጌው ወንዝ። ወንዙን ተከትለሽ ቁልቁል ብትወርጂ ፖስታ ቤት ትደርሻለሽ፣ ግን እኛ እዚያ ድረስ አንወርድም።"

ኤደን ከንፈሯን ነክሳ ተረጎመች። የፒያሳ ልጅ ሳትሆን አልቀረችም። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ዘንዶውን ማን እንደገደለው ያውቃሉ ወይ ይላል።"

"እናንተ ጫማ ሰፊ ነው ትላላችሁ" አሉ እትዬ የሺዓለም በትዕግሥት።

ሹሙ ሳቁን አፍኖ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀ። ከጉዞው በኋላ እንደሚመለሱ ምን ማረጋገጫ አለዎት?

"ሰኔ ሃያ አንድ ተራው የኔ ነው።"

"የምን ተራ?"

"የጽዋ። ዝክሩ እኔ ቤት ነው። ጠላው ተጠንስሶ እኔ የምቀረው ምን ነክቶኝ?"

ወይዘሮ ትብለጽ ቀረቡ። ለምን ይመለሳሉ? "ሰኔ ሃያ አንድ የሺዓለም ቤት ጽዋ አለብኝ።" አቶ ገብረትንሣኤ ቀረቡ። "ሙሴው እኔ ነኝ። ሰኔ ሃያ አንድ ያለ እኔ አይጀመርም።" ከእነሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ያንኑ አሉ። መጨረሻ ላይ ሹሙ ራሱ ቀድሞ "ሰኔ ሃያ አንድ?" ማለት ጀመረ። ወይዘሮ ትብለጽ ከኋላ "እሱም ይምጣ በይው!" ብለው ጮሁ። የሁሉም ተፈቀደ።

ሰመረ ተራው ሲደርስ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሹሙ በፖላንድኛው ጥራት ተደሰተ። ስለ ክራኮቭ አወሩ፣ ሁለቱም ስለሚያውቁት አንድ ዳቦ ቤት አወሩ። ከዚያ ሰውየው፣ ለወጉ ያህል፣ ጠየቀው። "ይመለሳሉ?"

"አዎ" ማለት አንድ ቃል ነው። ሰመረ በአራት ቋንቋ ያውቀዋል። ነገር ግን ሻንጣው ታየው፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ደጅ የወለቀው የእትዬ ጫማ። በሚያምር፣ እንከን በሌለው ፖላንድኛ "እሱን እኔም ራሴን እየጠየቅኩ ነው" አለ።

ሹሙ አዝኖ ማኅተሙን አነሳ።

ውጭ አስፋልቱ ዳር ማኅበርተኞቹ ተቃቅፈው እልል ሲሉ ሰመረ ወጣ። ዓብይ ፊቱን አይቶ ገባው።

"አንተን? ቋንቋውን የምትችለውን?" ጭንቅላቱን ያዘ። "የሠፈሩን ሴቶች በሙሉ አሳልፈህ ራስህ ወደቅክ? ሰው እንዴት ይኼን ያህል ፋራ ይሆናል?"

እትዬ የሺዓለም ግን አልሳቁም። ወደ ዳር ወሰዱት። "ምን ብለህ መለስክለት?"

"እንጃ አልኩት።"

"መመለስህን?"

"አዎ።"

ሚኒባስ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። "እንግዲያው እኔም አልሄድም" አሉ።

"እንዴ! ተፈቅዶልዎት?"

"ሰው የሚከፍለው የደረሰለትን ስለት ነው። 'ወደ ቤቱ መልሺልኝ' ነው ያልኳት። ያልመጣ ሰው መጣ ብዬ ዣንጥላ ልሰጣት ነው? እሷ ፊት ቆሜ ልዋሽ? ሌሎቹ ይሂዱ።" ከዚያ ሽቅብ አዩት። "አንተው ንገረኝ ልጄ። መጥተሃል ወይስ አልመጣህም?"

እትዬ የሺዓለም መልስ ሳይሰሙ የታክሲውን ወረፋ ያዙ።

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ስለ ፖላንድ አልተነሳም። ዣንጥላው ቀድሞ ተገዝቶ ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ፣ ጫፉ ላይ መስቀል። አልጋው ሥር አልገባ ብሎ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይታያል። ወይዘሮ ትብለጽ በየቀኑ እየመጡ "የሺ፣ አታብጂ" ይላሉ። እትዬ የሺዓለም "ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰልኝም" ብለው ሽሮአቸውን ያማስላሉ። ሰመረ ይህን ሁሉ በመጋረጃው በኩል ይሰማል። ጓደኛው ከክራኮቭ "ቦታውን ለሌላ ልስጠው?" ብሎ ጽፎለታል። ለእሱም አልመለሰም።

መነሻው ሲቃረብ አንድ ከሰዓት እትዬ የሺዓለም ከገበያ ሲመለሱ ሬዲዮናቸውን መሬት ላይ አገኙት። ዳንቴሉ ታጥፎ ከላዩ ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው መሐል ቤት ተከፍቶ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ከዳር እስከ ዳር ማዕዘኑን ይዞ ዣንጥላው ተኝቶበታል፣ ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስል። ቁምሳጥኑ ደግሞ መዝጊያው አልገጥም ብሏል፤ የክረምት ካፖርት፣ የሱፍ ሹራብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የማይለብሰው ባለ ጠጉር ቆብ አፍኖታል። ሰመረ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ጎዶሎ ካልሲ ይዞ ጓዱን ይፈልጋል።

"ዣንጥላው በሌላ ሻንጣ አይገባም" አለ፣ ቀና ሳይል።

እትዬ የሺዓለም ካፖርቱን ዳሰሱት። "ይኼ የብል ቀለብ ነው የሚሆነው" አሉ። ከዚያ ወጥተው ለጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ስልክ ደወሉ። "ትብለጽ! ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል ይላሉ ወይ?"

ማኅበርተኞቹ እትዬ የሺዓለምን ይዘው ሄዱ። እዚያ አንድ ባንዲራ የያዘ ትሑት ፖላንዳዊ አስጎብኚ ተቀበላቸው። ችግሩ የጀመረው ክራኮቭ ነው። ሰመረ ፒያሳ ማኪያቶውን ይዞ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"ወደይ!" ወይዘሮ ትብለጽ ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ስልክም ከክራኮቭ የሚሰማ ይመስላል። "ይኼ ሰውዬ ወደ ግራ ይላል። ከታክሲ ተራ ጊዮርጊስ በግራ ነው እንዴ?"

"የት ነው የቆማችሁት?"

"ጥሩምባ ነፊው ሥር። ነፋ፣ አቋረጠ። ትራፊክ ግን አላየንም።"

ሰመረ ዓይኑን ጨፍኖ ክራኮቭን ሊያስብ ሞከረ። አሥራ አንድ ዓመት የኖረባት ከተማ አልመጣችለትም፤ የመጣለት ረዳቱና ወርቅ ቤቶቹ ናቸው። ማኪያቶውን ትቶ ወጣ። ታክሲ ተራው ሄዶ ጀርባውን ለፎቁ ሰጠና ቆመ። "ጀርባችሁን ለማማው ስጡ። አሁን ወርቅ ቤቶቹ በየት በኩል ናቸው?"

"የአምበር ጌጥ የሚሸጥበት አለ።"

"እሱ ነው። እሱን ይዛችሁ ቀጥ በሉ።" እሱም ወርቅ ቤቶቹን ይዞ ቀጥ አለ። ሰው እየገፋው፣ ሊስትሮ እያለፈው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እነሱ ሲቆሙ እየቆመ፣ ሲሄዱ እየሄደ ጊዮርጊስ ደጅ ደረሰ። "ኮረብታው ታየ?"

"ታየ! ዘንዶውም እሳት ይተፋል! በብረት ሠርተውት ነው።"

አስጎብኚው ስልኩን ተቀበለ። "ይቅርታ ጌታዬ" አለ በፖላንድኛ፣ ድምፁ የደከመ። "እኔም የምወስዳቸው እዚያው ነበር። ጊዮርጊስ ማን ነው? ደግሞ ለምንድን ነው ሁሉም ማዘጋጃ ቤት መቼ ነው የምንደርሰው የሚሉኝ?"

በማግስቱ ወይዘሮ ትብለጽ ከጨው ማዕድኑ ሲወጡ ደወሉ። "ግድግዳውን ላስኩት" አሉ። "አሞሌ ነው። አልዋሸህም።"

የመጨረሻው ቀን ላይ ሰመረ ስልክ ሳይጠብቅ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ሄዶ ቆመ። ጥበቃው አየው፣ አስታወሰው።

"ዛሬ ብቻህን ነህ? እናቶችስ?"

"ገብተዋል።"

ጥበቃው ወደ ተዘጋው በር ዞረ። "በየት በኩል?"

ስልኩ ጮኸ። እትዬ የሺዓለም ናቸው፤ በቪዲዮ። ፊታቸው፣ ነጠላቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ውኃ ሆኗል።

"ምን ሆኑ?"

"ዝናብ ነዋ! ከአውቶቡሱ እስከ በሩ።"

"ዣንጥላ ይዘው!"

"በእመቤቴ ዣንጥላ ልጠለል?" አሉ፣ በእሱ አፍረው። ከኋላቸው ወይዘሮ ትብለጽ "እኔም ብያታለሁ! ትንሽ ብትከፍችው አትቀየምም ብያታለሁ!" ይላሉ። አቶ ገብረትንሣኤ ባርኔጣቸውን ሲጨምቁ ታዩ።

"አሁን ልንገርህ፣ ገብተህ አታውቅምና" አሉ እትዬ የሺዓለም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከበሩ ቀጥ ትላለህ። ሰው ብዙ ነው፣ አትጋፋ። ግድግዳው ሁሉ ስለት ነው። የዳኑ ሰዎች ምርኩዛቸውን ሳይቀር ሰቅለውላታል። የሰው ሁሉ አመል አንድ ነው፣ ልጄ። አንድ ነጭ የለበሰ መነኩሴ ዣንጥላውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከፍቶ አየው። ሳቀ። ደስ ሳይለው አልቀረም። አሁን ወደ ፊት ተጠጋ። ተጠጋህ?"

ሰመረ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ አንድ ሁለት ወጣ። "ተጠግቻለሁ።"

"ከፍ ብላ ናት። አየሃት?"

ስልኩ ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ፣ የሻማ ብርሃንና የእትዬ አውራ ጣት ብቻ ነው። "አይታየኝም፣ እትዬ። ጣትዎ ጋርዷታል።"

"ግድ የለም፣ እሷ ታይሃለች። ነግሬያታለሁ። 'ይኸው መጥቷል፣ ልብሱን ሁሉ ቁምሳጥኔ ውስጥ ጠቅጥቆታል፤ ሐሳቡን ደግሞ ቀስ ብሎ ያመጣዋል' ብያታለሁ። ዋሸሁ?"

ሰመረ ዞር አለ። ቸርችል ጎዳና ከእግሩ ሥር ቁልቁል ይወርዳል፤ ታክሲው፣ ሰዉ፣ አቧራው። ወንዝ አይመስልም። የሚመስለውም ሌላ ነገር አልነበረም።

"አልዋሹም" አለ።

"በል ተሳለም። ከዚያ ሄደህ ብቅሉን ከትብለጽ ሱቅ አምጣ፤ ሰኔ ሃያ አንድ ደረሰ። ጋኑን ደህና አድርገህ እጠበው፣ ያለፈው ጊዜ እንዳጠብከው አይደለም።"

ሰመረ ጎንበስ ብሎ በማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ሦስት ጊዜ አማተበ። ጥበቃው እሱን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እሱን አየ። ጥቂት አመነታ። ከዚያ፣ ምናልባት ካለች ብሎ፣ ቆቡን አወለቀ።